የሌሊት ጆብ ማስኬጃ ሶፍትዌር ስትመርጡ፦ ፓስወርዱ፣ ካላንደሩና አላርቱ የት ይቀመጣሉ?

ጅማ ውስጥ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ሰው ሲተኛ የሚሠራ ነገር አለው። ክሊኒኩ የታካሚ መዝገቡን ባክአፕ ያደርጋል። ኮሌጁ የሬጅስትራሩን ዳታ ወደ ፋይናንስ ያሻግራል። ቡና አቅራቢው የቀኑን የመጋዘን ገቢ ደምሮ ለሥራ አስኪያጁ ይልካል። ብድርና ቁጠባው ወለድ ያሰላል፣ ጠዋት ለደንበኛ ኤስኤምኤስ ይልካል። እንዲህ በሰዓቱ በራሱ የሚነሳ ሥራ ጆብ ይባላል። ሲጀመር ሦስት አራት ስክሪፕት (ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ናት። አንዱ አንድ ይጨምራል፣ ሌላው ሌላ ይደርባል፣ ሳይታወቅ ሃምሳ ይደርሳል።

ጣጣው የሚመጣው አንድ ነገር ለመቀየር ሲፈለግ ነው። የዳታቤዙ ፓስወርድ ይቀየር ይባላል። ፓስወርዱ ግን በየስክሪፕቱ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። የት የት እንዳለ የሚያውቀው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሄዷል። ስለዚህ ማንም ደፍሮ አይነካውም፤ ያው ፓስወርድ ለዓመታት ይቀመጣል። የቤትን ቁልፍ አባዝቶ ለሰፈሩ ሁሉ እንደማደል ነው።

ነገሩ እዚህ ሲደርስ "ሶፍትዌር እንግዛ" ይባላል። ምርጫው ደግሞ ግራ ያጋባል። ከሊኑክስ ጋር የሚመጣው ክሮን ይበቃል የሚል አለ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፈው ኤርፍሎው ካልሆነ የሚል አለ። ባንክ የሠራ ሰው የሚከፈልበትን ኮንትሮል-ኤም ይላል። ጆብ በሰዓቱ ማስጀመር ሁሉም ይችላሉ፤ በዚህ ብዙ አይለያዩም። የሚለያዩት ብዙ ጆቦች አብረው የሚጠቀሙበትን ነገር በሚይዙበት መንገድ ነው። እኔም እዚህ የማወዳድራቸው በዋናነት በዚህ ነው።

## የጋራ ኦብጀክት ምን ምን ነው?

አንዴ ተዘጋጅቶ ብዙ ጆብ የሚጠራው ነገር ሁሉ የጋራ ኦብጀክት ነው። የመግቢያ አካውንትና ፓስወርድ አንዱ ነው። የሥራና የበዓል ቀናት የያዘው ካላንደር ሌላው ነው። "በየሥራ ቀኑ ሌሊት 8 ሰዓት" የሚለው ስኬጁል፣ የፎልደርና የሰርቨር ስም የያዙ ቫሪያብሎች፣ ጆብ ሲወድቅ ማን ይነገረው የሚለው አላርት፣ ሁለት ከባድ ጆቦች በአንድ ጊዜ ዳታቤዙን እንዳያጨናንቁ የሚከለክለው ወረፋም አሉ። በመጨረሻ ራሱ ጆቡ አለ። አንድ የባክአፕ ጆብ በቴምፕሌትነት ተሠርቶ ለአሥር ዳታቤዝ ሊያገለግል ይችላል።

ስኬጁልንና ካላንደርን ለይታችሁ ያዙ። ስኬጁል ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ካላንደር የትኛው ቀን የሥራ ቀን እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተቀየጡ አንድ በዓል በጨመራችሁ ቁጥር ሁሉንም ጆብ መንካት ግድ ይላል።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ፓስወርዱ ዛሬ ቢቀየር ስንት ቦታ እነካለሁ? መልሱ "አንድ" ካልሆነ ሌላው ጌጥ ሁሉ ብዙም አይጠቅምም።

ሁለተኛው የዚህ ግልባጭ ነው። የጋራ ነገር ሲበላሽ የጋራ ጥፋት ያመጣል። አንድ ካላንደር ላይ የተሳሳተ ቀን ከገባ ሃምሳ ጆብ አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ከመቀየሬ በፊት "ይህን ኦብጀክት የሚጠቀሙት እነማን ናቸው?" ብዬ ማየት መቻል አለብኝ።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። የሌሊት ተረኛው ጆቡን ማስኬድ ይችል፣ ፓስወርዱን ግን አያይ። ካላንደሩን የሚቀይረው ሰውም የታወቀ ይሁን።

አራተኛው መብራት ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሰርቨሩ ከወደቀ፣ ያመለጠው ጆብ ሲመለስ ይሠራል ወይስ እስከ ነገ ይጠብቃል? ባክአፕ ከሆነ ቢሠራ ይሻላል። ለደንበኛ የሚላክ ኤስኤምኤስ ከሆነ ግን ከእኩለ ቀን በኋላ መላኩ ሌላ ችግር ነው። ስለዚህ በየጆቡ መምረጥ መቻል አለበት።

አምስተኛው ገንዘብና ሰው ነው። የፈቃድ ክፍያው በዶላር ነው ወይ? ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው ጅማ አለ፣ ወይስ ከ350 ኪሎ ሜትር ርቀት ከአዲስ አበባ ይጠበቃል?

ስድስተኛውን ለብቻው ላስቀምጠው። ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ውስጥ የለም፤ እኛን ግን በየወሩ የሚነካን እሱ ነው።

## የእኛ ካላንደር፣ የእኛ ሰዓት

እነዚህ ሶፍትዌሮች የሚያውቁት የፈረንጅ ካላንደር ነው። "የወሩ መጨረሻ" ስትሏቸው 30ን ወይም 31ን፣ በፌብሩዋሪ ደግሞ 28ን ወይም 29ን ያስባሉ። የእኛ ወር መጨረሻ 30 ነው፣ ጳጉሜ ደግሞ 5 ወይም 6። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ለእነሱ ጁላይ 8 ነው።

ጥሩው ዜና ከመጋቢት እስከ ጳጉሜ ያለው የወር መባቻ በፈረንጅ ከዓመት ዓመት አይንቀሳቀስም። መጋቢት 1 ማርች 10 ነው። ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜ 1 ሴፕቴምበር 6። ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ግን ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በአንድ ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በ2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ "በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11" ብሎ የተጻፈ ስኬጁል ሦስት ዓመት ትክክል ሠርቶ በአራተኛው ጳጉሜ 6 ቀን ይነሳል። ሰው የረሳው ነገር ስለሆነ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

በዓላቱም እንደዚሁ ናቸው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ይውላል። መስቀል ሴፕቴምበር 27 ወይም 28 ነው። ገና ግን ይለያል። በፈረንጅ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፤ የሚቀየረው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜ 6 ባለፈ ማግስት ባለው ዓመት ታኅሣሥ 28 ይውላል። ፋሲካ በየዓመቱ ይሰላል። ዒድ ደግሞ በጨረቃ ነው። ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ ዋዜማው ላይ ማታ ነው የሚታወቀው። ጅማ ላይ የዒድን ቀን የማያውቅ ካላንደር ይዞ ለደንበኛ ኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ማንንም አያስደስትም። እና መመዘኛው ይህ ነው፦ ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ሰው አንድ ቦታ ገብቶ የነገውን ቀን "በዓል" ብሎ መመዝገብ ይችላል ወይ? ሁሉም ጆብስ ይህን ወዲያው ያያል ወይ?

ሰዓቱንም ልብ በሉ። አንድ ጆብ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲነሳ ፈለጋችሁ እንበል። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተሞላ ክሮን ላይ የሚጻፈው ይህ ነው (በተራ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወር ቀን፣ ወርና የሳምንት ቀን ናቸው፤ * ማለት ሁሉም፣ በሳምንት ቀን 0 እሑድ፣ 6 ቅዳሜ ነው)፦

`0 2 * * 0`

ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ግን እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ሌሊት 8 ሰዓታችን ለእሱ ገና የቅዳሜ 23 ሰዓት ነው፦

`0 23 * * 6`

ሰዓቱን ብቻ ቀይሮ ቀኑን እንዳለ የተወ ሰው `0 23 * * 0` ይጽፋል። ጆቡም በእኛ አቆጣጠር ለሰኞ አጥቢያ ይነሳል። ሳምንታዊ ባክአፕ ሰኞ ሥራ ሊጀመር ሲል እየጎተተ ከተገኘ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። የሰዓት ክልሉን በስም፣ ማለትም "አፍሪካ/አዲስ አበባ" ብሎ በግልጽ መጻፍ የሚያስችል መሣሪያ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

## ክሮን ከጋራ ፋይሎች ጋር

ክሮን ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ገንዘብ አይጠይቅም። የጋራ ኦብጀክት የሚባል ነገር ግን የለውም፤ እናንተ ናችሁ የምትሠሩት። የሚሠራውም በፋይል ነው። አንድ ፋይል ላይ የሰርቨር ስምና ፎልደር፣ ሌላ ፋይል ላይ ፓስወርድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ስክሪፕት ሲነሳ ሁለቱን ያነባል። የፓስወርዱ ፋይል ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው ይሁን፤ ፈቃዱ 600 ማለት ነው።

ካላንደሩም እንደዚያው ይሠራል። በየመስመሩ አንድ ቀን የያዘ የበዓል ፋይል ይዘጋጃል። አንዲት አጭር ስክሪፕት የዛሬን ቀን እዚያ ውስጥ ትፈልጋለች፤ ካገኘች ጆቡ ሳይጀምር ያበቃል። ሁሉም ጆብ በእሷ በኩል ያልፋል። ከላይ ያነሳሁትን የዒድ ማታ ፈተና ይህች ቀላል ነገር ታልፈዋለች፤ አንድ መስመር መጨመር ነው።

"ማን ይጠቀምበታል?" ለሚለው ግሬፕ የሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ አለ። የፋይሉን ስም ፎልደሩ ውስጥ መፈለግ ነው፤ መልሱም በሰከንድ ይመጣል።

ድክመቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው። ክሮን ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ያለፈውን ሰዓት መልሶ አያስኬድም። ለቀን፣ ለሳምንትና ለወር ጆቦች አናክሮን የሚባለው አጋዡ ይህን ይሸፍናል፤ ለሰዓት አይሆንም። ያለፈው ሳይጨርስ አዲሱ እንዳይነሳ ኤፍሎክ የሚባለውን የመቆለፊያ ትእዛዝ ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። የወር ቀንና የሳምንት ቀን አብራችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ "ሁለቱም ሲገጥሙ" ሳይሆን "አንዱ ሲገጥም" ብሎ ነው የሚረዳው። `0 2 8 * 1` ብትሉት በየወሩ 8ኛ ቀንም ይነሳል፣ በየሰኞውም ይነሳል። ፈቃድን በተመለከተ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው አካውንት ፓስወርዱንም ያነባል፤ መለያየት ከባድ ነው።

## ሲስተምዲ ታይመር፦ ብዙ ሰው የሚዘልለው

በእኔ እይታ ጅማ ላሉ ትንንሽና መካከለኛ የአይቲ ክፍሎች ትልቁ ያልተጠቀሙበት ሀብት ይህ ነው። ሲስተምዲ ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) የሚያስነሳው ክፍል ነው፤ ታይመሩ በሰዓታቸው ያስነሳቸዋል። አዲስ ነገር መጫን የለም። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን ወይም ሬድ ሃት ካላችሁ ሰርቨራችሁ ላይ አለ።

ከክሮን የሚለየው የጋራ ነገር መሥሪያ ስላለው ነው። ስሙ ላይ @ ያለበት ሰርቪስ ቴምፕሌት ነው። አንድ የባክአፕ ቴምፕሌት ትጽፋላችሁ፤ ከ@ በኋላ የዳታቤዙን ስም እየቀየራችሁ ለፋርማሲው፣ ለላብራቶሪው፣ ለካርድ ክፍሉ ትጠሩታላችሁ። አሥር ዳታቤዝ ቢኖር የሚታረመው አንድ ፋይል ነው።

አላርቱም እንደዚያው ነው። ኦንፌይለር የሚባለው መስመር ጆቡ ሲወድቅ ሌላ ሰርቪስ ይጠራል። ያ ሰርቪስ ራሱ ቴምፕሌት ሊሆን ይችላል፤ የወደቀውን ጆብ ስም ተቀብሎ ወደ ክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ በቦት ይልካል። አንዴ ይሠራል፣ ሁሉም ይጠሩታል። የቦቱ ቶክን ፓስወርድ መሆኑን አትርሱ፤ እሱም ከሌሎቹ ጋር በጋራ ፋይል ውስጥ ይግባ።

መብራትን በተመለከተ ፐርሲስተንት የሚል ቅንብር አለው። በርቶ ከሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ያለፈው ሰዓት ማሽኑ ሲነሳ ይካካሳል። በየታይመሩ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ባክአፑን አብርቶ ኤስኤምኤሱን ማጥፋት ይቻላል። የሰዓት ክልልም በስም ይቀበላል።

የበዓል ካላንደር ግን የለውም። እዚህ ላይ እንደ ክሮኑ የበዓል ፋይልና አጭር ስክሪፕት ትጠቀማላችሁ፤ ከጆቡ በፊት የሚሮጥ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ማስገባት ስለሚቻል ነገሩ ንጹህ ሆኖ ይቀመጣል። ሌላው ድክመት የድር ገጽ አለመኖሩ ነው። ሁሉም በትእዛዝ መስመር ነው፤ የሌሊት ተረኛው ሊኑክስ ካላወቀ አይመቸውም።

## የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር

ሰርቨሩ ዊንዶውስ ከሆነ ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ያመለጠውን ማስኬድ በአንድ ምልክት ይበራል። ስኬጁሉ ግን በየታስኩ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ የጋራ ስኬጁልም የጋራ የበዓል ካላንደርም የለም። አንድ ትልቅ ብርታት አለው፦ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች ማውጫ) ካላችሁ ጂኤምኤስኤ የሚባለውን አካውንት ተጠቀሙ። ፓስወርዱን ሰው አያውቀውም፤ ዳይሬክተሪው ራሱ በነባሪ በ30 ቀን ይቀይረዋል። ለፓስወርድ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ነፃ መልስ ዊንዶውስ ላይ አላውቅም። ለቀሪው፣ ታስኩን ኤክስፖርት አድርጎ እንደገና ማስገባት ቅጂ ማብዛት እንጂ የጋራ ኦብጀክት አይደለም። ከሃያ ታስክ በላይ ከሆናችሁ ያስቸግራል።

## ረንዴክ

ረንዴክ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ጆብ ማስኬጃ ነው፤ የነፃው ቅጂ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የድር ገጽ አለው፤ ጃቫ ይፈልጋል። ኪይ ስቶሬጅ በሚባለው ውስጥ ፓስወርድና ኤስኤስኤች ቁልፍ (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያ) ይቀመጣል፤ ጆቦቹ በአድራሻው ይጠሩታል። የፈቃድ ፖሊሲው ጠንካራ ስለሆነ ተረኛው ቁልፉን ሳያይ ጆቡን መጫን ይችላል። ሦስተኛውን መመዘኛ ከነፃዎቹ ውስጥ በደንብ የሚያልፈው እሱ ነው።

አንድ ጆብ ሌላ ጆብን እንደ አንድ እርምጃ መጥራት ይችላል፤ ባክአፕን አንዴ ሠርቶ ከብዙ ጆብ መጥራት ማለት ነው። የሰዓት ክልልም በየጆቡ ይመረጣል። የጋራ ስኬጁልና ካላንደር ግን የሚገኙት በሚከፈልበት ቅጂ ላይ ነው። ነፃውን የያዘ ሰው የበዓል ማጣሪያውን እንደ መጀመሪያ እርምጃ ጆብ አድርጎ መሥራት አለበት። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሲጫን አብሮት የሚመጣው ኤች2 ዳታቤዝ ለሙከራ ነው። ለእውነተኛ ሥራ ማሪያዲቢ ወይም ፖስትግሬስ ላይ አስቀምጡት።

ጄንኪንስንም ብዙ ሰው ለዚሁ ሥራ ያውለዋል። የፓስወርድ መደብር አለው፣ የጋራ ኮድ ላይብረሪም አለው። የተሠራው ግን ሶፍትዌር ለመገንባትና ለመፈተሽ ነው። ፕሮግራመሮቻችሁ ቀድሞውኑ ካላቸው ተጠቀሙበት፤ ለባክአፕ ብላችሁ አዲስ አትጫኑት።

## አፓቺ ኤርፍሎው

ኤርፍሎው በ2014 እ.ኤ.አ. ኤርቢኤንቢ ውስጥ ተጀመረ፤ በ2019 የአፓቺ ዋና ፕሮጀክት ሆነ። ጆቡ የሚጻፈው በፓይተን ነው። ለጋራ ኦብጀክት ሦስት መሠረታዊ ነገሮች አሉት። ኮኔክሽን የዳታቤዝ አድራሻና ፓስወርድ ይይዛል። ቫሪያብል ሌላውን እሴት ይይዛል። ፑል ደግሞ ስንት ታስክ (የጆብ አንድ እርምጃ) በአንድ ጊዜ እንደሚሮጥ ይገድባል። ሦስቱም ከድር ገጹ ይቀየራሉ።

ለእኛ ትልቁ ነገር ታይምቴብል ነው። ከቨርዥን 2.2 ጀምሮ የራሳችሁን የጊዜ አቆጣጠር በፓይተን ጽፋችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። "የኢትዮጵያ ወር 30ኛ ቀን፣ በጳጉሜ የመጨረሻዋ ቀን፣ በዓል ከሆነ በቀጣዩ የሥራ ቀን" የሚል አንድ ታይምቴብል ይጻፋል፤ ሪፖርት የሚያወጣው ሁሉ ይጠራዋል። ከነፃዎቹ ውስጥ ካላንደራችንን እንደ እውነተኛ የጋራ ኦብጀክት መያዝ የሚችለው ይህ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ብዙ ልጆች ፓይተን ስለሚያውቁ የሚጽፈው ሰው አይታጣም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ኮኔክሽኖቹ የሚመሰጠሩት ፈርኔት በሚባል ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ፓስወርዶቹ ተመልሰው አይነበቡም። ስለዚህ ቁልፉን ከዳታቤዙ ባክአፕ ለይታችሁ አስቀምጡት። ቫሪያብልን በጆቡ የፓይተን ፋይል አናት ላይ አትጥሩ፤ ኤርፍሎው ፋይሉን ባነበበ ቁጥር ዳታቤዙን ይመታል። ታስኩ ውስጥ ጥሩት። ያመለጠውን የማስኬድ ነገር ካችአፕ ይባላል፤ እስከ ቨርዥን 2 በነባሪ በርቶ ይመጣ ነበር፣ በ3 ጠፍቶ ይመጣል። ቨርዥን የቀየረ ሰው ይህን ካላየ መብራት በጠፋ ማግስት ይቸገራል። ነባሪ ሰዓቱም ዩቲሲ ነው፤ ከላይ ያየነውን የእሑድ አጥቢያ ነገር አስታውሱ።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። በዶከር (ፕሮግራምን ከሚፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስነሳው መሣሪያ) ለማስነሳት የራሱ መመሪያ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሮጥም። አምስት የባክአፕ ስክሪፕት ብቻ ላለው ክሊኒክ ይህን ሁሉ መሸከም አይመከርም።

## የሚከፈልባቸው፦ ኮንትሮል-ኤም፣ አውቶሲስ፣ አክቲቭባች፣ ጃምስ

እነዚህ ከመጀመሪያውም የተሠሩት በጋራ ኦብጀክት ሐሳብ ላይ ነው። አክቲቭባች ላይ ስኬጁል፣ ካላንደር፣ የተጠቃሚ አካውንት፣ አላርትና ወረፋ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ኦብጀክቶች ናቸው፤ ጆቡ በማገናኛ ይይዛቸዋል። ኮንትሮል-ኤም ካላንደርና ኮኔክሽን ፕሮፋይል፣ እንዲሁም በአንድ ጊዜ የሚሮጠውን የሚገድቡ ሪሶርሶች አሉት። አውቶሲስ ካላንደርና ግሎባል ቫሪያብል ይዟል። ጃምስም የፓስወርድና የካላንደር ኦብጀክቶች አሉት። ማን ምን እንደሚቀይርና መቼ እንደቀየረ መመዝገብ ላይም ጠንካራ ናቸው፤ ኦዲተር በሚጠይቅበት ቤት ይህ ብዙ ሥራ ያቀልላል።

ካላንደራቸው ግን የፈረንጅ ነው። የእኛን ወር መጨረሻ በየዓመቱ ቀን በቀን መርጦ ማስገባት ወይም ከፋይል መጫን ያስፈልጋል። ይህ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። በዓመት አንዴ፣ ጳጉሜ ላይ፣ ተጠያቂ ሰው ተመድቦለት ይሠራ። ዋናው ጥያቄ ክፍያው ነው። አንዳንዱ በጆብ ብዛት፣ አንዳንዱ በሰርቨር ብዛት ያስከፍላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን የዓመቱ ወጪ ከብር ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ፓስወርድ | የበዓልና የወር ካላንደር | የጋራ ጆብና አላርት | ዋጋ | ዋናው ሸክም |
|---|---|---|---|---|---|
| ክሮንና ፋይሎች | በጋራ ፋይል | በራስ ስክሪፕት | በራስ ስክሪፕት | ነፃ | ዲሲፕሊን |
| ሲስተምዲ ታይመር | በጋራ ፋይል | በራስ ስክሪፕት | ቴምፕሌትና ኦንፌይለር አለው | ነፃ | የድር ገጽ የለም |
| ታስክ ስኬጁለር | በጂኤምኤስኤ ጥሩ | የለም | ደካማ | ከዊንዶውስ ጋር | ሲበዛ ያስቸግራል |
| ረንዴክ | ኪይ ስቶሬጅ | በሚከፈልበት ቅጂ | ጆብ ከጆብ ይጠራል | ነፃና የሚከፈልበት | ጃቫና ዳታቤዝ |
| ኤርፍሎው | ኮኔክሽን | በፓይተን፣ ለእኛ የሚስማማ | በኮድ | ነፃ | ራምና ፓይተን የሚያውቅ ሰው |
| የሚከፈልባቸው | ራሱን የቻለ ኦብጀክት | ራሱን የቻለ ኦብጀክት፣ ቀኑን እናንተ ትሞላላችሁ | ሙሉ | በስምምነት | ምንዛሪና ድጋፍ |

## ለማን የትኛው?

አንድ ሊኑክስ ሰርቨርና ከአሥራ አምስት ያነሰ ጆብ ካላችሁ ሲስተምዲ ታይመር ይበቃችኋል። የምታወጡት ገንዘብ ለባትሪና ለሁለተኛ ዲስክ ይሁን። በክሮን የተጀመረ ነገር ካለም በአንድ ቀን ማፍረስ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ፓስወርዶቹን ወደ ጋራ ፋይል አውጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አሻግሩ።

የተለያዩ ሰርቨሮች፣ ፈረቃ የሚገባ ተረኛና የተለያየ ፈቃድ ያለበት ሆስፒታል ወይም ኮሌጅ ረንዴክን ይሞክር። ተረኛው ፓስወርድ ሳያይ ጆብ መጫን መቻሉ ብቻውን ዋጋ አለው።

ዋናው ሥራችሁ ዳታ ማመላለስና በኢትዮጵያ ወር ሪፖርት ማውጣት ከሆነ፣ ቢያንስ ሁለት ፓይተን የሚያውቁ ሰዎች ካሏችሁ፣ ኤርፍሎውን ምረጡ። ሁለት ያልኩት አንዱ ሥራ ሲለቅ ቤቱ እንዳይዘጋ ነው።

ሁሉም ነገር ዊንዶውስና አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ ከሆነ ታስክ ስኬጁለርን ከጂኤምኤስኤ ጋር ተጠቀሙ፤ ሲበዛባችሁ ወደሚከፈልበት ተሻገሩ። በመቶ የሚቆጠር ጆብ፣ ኦዲትና እርስ በርስ የሚጠባበቁ ሲስተሞች ያሉት የፋይናንስ ተቋም ግን የሚከፈልባቸውን ቢያይ አይፈረድበትም።

## የትኛውንም ብትመርጡ

ኦብጀክቱን በሥራው ሰይሙት እንጂ በሰው ስም አትሰይሙት። "የፋርማሲ ዳታቤዝ ንባብ" የሚል አካውንት ከአምስት ዓመት በኋላም ይገባል። የመፈተሻውና የእውነተኛው ሥራ ኦብጀክት ይለያይ። አላርት ወደ አንድ ሰው ስልክ ብቻ አይሂድ፤ ወደ ክፍሉ ግሩፕ ይሂድ። ሰርቨሩ ራሱ ከሞተ አላርት መላክ ስለማይችል፣ ሌላ ማሽን "ዛሬ ጠዋት ድምፁን አልሰማሁም" ብሎ የሚነግርበት መንገድም ይኑር።

ሁሉንም ነገር ደግሞ የጋራ አታድርጉ። አንድ ጆብ ብቻ የሚጠቀምበት እሴት እዚያው ጆቡ ውስጥ ይቀመጥ። ለአንባቢም ለጥገናም ይቀልላል።

ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት እውነተኛ ጆቦቻችሁን ወስዳችሁ በሙከራ ሰርቨር ላይ ጫኑ። ፓስወርዱን ቀይሩና ስንት ቦታ እንደነካችሁ ቁጠሩ። ነገ በዓል ነው ብላችሁ መዝግቡና ማን እንደቆመ ተመልከቱ። ሰዓቱ ሳይደርስ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መልሳችሁ ሰኩትና ምን እንደሚነሳ እዩ። ሻጭ ካለም ሁለት ነገር በጽሑፍ ይመልስላችሁ፦ ካላንደሩንና ጆቦቹን ሁሉ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ማውጣት ይቻላል ወይ? ፈቃዱ ሳይታደስ ቢቀር በማግስቱ ሌሊት ጆቦቹ ይሠራሉ ወይስ ይቆማሉ?